ከነጥቡ በኋላ ያለው አገር

ሰፈራችን ውስጥ ሥራዬን በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ፣ አላህ ይርሐመው፣ ለዘመዶቹ «ኮምፒውተር ቤት ነው የምትሠራው» ብሎ ይገላገል ነበር። ጎረቤቴ ደግሞ ኢንተርኔት የምዘረጋ ስለሚመስላት መሥመር በደከመ ቁጥር ስልኳን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች። እኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁት አንድ ነገር ነው፦ ለሰዎች ንግድ በኢንተርኔት የሚጠራበትን ስም፣ ዶሜይን የሚሉትን፣ መምረጥ፣ ማስመዝገብ፣ በየዓመቱ እያደሱ እንዳይጠፋ መጠበቅ።

ሐርጌሳ፣ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር የነበረችኝን ባለ አንድ ክፍል ቢሮ በዚህ ዓመት ዘጋሁ። ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥባታል። አልከፋኝም። ነጋዴው ሁሉ አሁን በስልኩ ቪዲዮ ቀርጾ፣ እዚያው ተከራክሮ፣ እዚያው ይሸጣል። «ኤዶ ዘይነብ፣ ዶሜይን ምን ያደርግልኛል?» ይለኛል። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ጸጉሬ ከሸበተ ወዲህ የሐርጌሳ ሁሉ አክስት ሆኛለሁ።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ድሬዳዋ ተወልጄ ፊደል የቆጠርኩበት ቋንቋ ስለሆነ ነው። በሶማልኛ እነግዳለሁ፣ እከራከራለሁ፣ እቀልዳለሁም። ቁጭ ብዬ ያለፈውን ሳስብ ግን አማርኛው ይቀድመኛል። እንግሊዝኛውን ከዕቃ መመሪያና ከኢንተርኔት ለቃቅሜ ነው የያዝኩት። የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም።

ባሌን ተከትዬ እንደመጣሁ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ለሰዎች ደብዳቤ እየተየብኩ ነው የጀመርኩት። ከዚያ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ሁለት ዓመት ሠንጠረዥ ስሞላ ቆየሁ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ብቻ «ዴድላይን» የምትለዋን ቃል ከሰላምታ ያስቀድማት ነበር። ደመወዙም ደህና ነበር። ግን ያንኑ ሠንጠረዥ፣ ያንኑ ቁጥር፣ በየወሩ! ዓይኔ ብቻ ሳይሆን ልቤም ደከመ። ስም የማስመዝገቡን ሥራ የጀመሩት ጋሽ ዋርሰሜ «ነይ፣ እኔ ጋ ሥሪ» ሲሉኝ ደመወዙን እንኳ ሳልጠይቅ ሄድኩ።

ጋሽ ዋርሰሜ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ከእኔ ጋር የሚያወሩትም በአማርኛ ነው። የስልክ ሰው በመሆናቸው ስምን የሚመዝኑት በጆሮ ነው። ደንበኛ መጥቶ ሊያስመዘግብ የፈለገውን ስም ሲነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ከዚያ እኔን ወደ ውጭ ይልኩኛል። መንገድ ዳር፣ መኪናው ጥሩምባውን በሚያጮህበት ቆሜ ሳለሁ ስልክ ይደውሉልኝና ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ይሉታል። በትክክል ጽፌ ከመጣሁ ስሙ አለፈ። ከተሳሳትኩ ወደቀ። «ጆሮ ያልያዘውን ጣት አይጽፈውም» ይላሉ።

ለደንበኛ «አይሆንም» ብለው አያውቁም። አንድ የቁም እንስሳ ነጋዴ የራሱንና የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም አያይዞ አንድ ዶሜይን ይሁንልኝ አለ። ጋሽ ዋርሰሜ «መልካም ነው፤ እስኪ ጅዳ ላለው ወኪልህ ደውልና አስጽፈው» አሉት። ሰውየው እዚያው ቆሞ ደወለ፣ ፊደል በፊደል ማስጻፍ ጀመረ። አያቱ ጋ ሲደርስ ወኪሉ «ወንድሜ፣ አንተ ፍየሎቹን ብቻ ላክ» ብሎ ስልኩን ዘጋበት። በማግስቱ ባለ አምስት ፊደል ስም ይዞ መጣ።

ከደንበኛ ሁሉ የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነበር፦ ይህን ስም ማን ይጠራዋል? ከየት ሆኖ ይጠራዋል? ስሙስ በማን እጅ ነው የሚቀመጠው? መልሱን በእርሳስ ደብተር ላይ ያሰፍሩታል፤ የሚታደስበትን ቀን ከጎኑ ይጽፋሉ። እርሳሳቸው ከጆሯቸው ጀርባ አይጠፋም። ያልተስማሙበት ነገር ሲገጥማቸው እርሳሱን ያወርዱና ምንም ሳይጽፉ መልሰው ይሰኩታል። ያን ጊዜ ማሰብ አለብሽ ማለት ነው።

ከነጥቡ በኋላ ያለው ቅጥያ፣ ማለት ዶት ኮም፣ ዶት ምንትስ የምንለው፣ ለሳቸው አገር ነበር። «ከነጥቡ በፊት ያለው የሰውየው ስም ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው አገሩ ነው» ይሉኝ ነበር። የእኛ ችግር እዚህ ላይ ነው። ሶማሊላንድ የራሷ ቅጥያ የላትም። የሶማሊያ የሆነውን ብዙ ደንበኞቻችን አይፈልጉትም፤ እኛም አንከራከራቸውም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ዶት ኮም ይወስዳል። ዶት ኮም ሁሉም የሚያልፍበት ሰፊ መንገድ ነው፤ የማንም ቤት አይደለም።

ለአውሮፓ ገዢ የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ግን ነገሩ ይረቃል። ጀርመኑ የአገሩን ቅጥያ ሲያይ ልቡ ያርፋል፤ ዕቃው ቢበላሽ የምጮህበት ሰው አለ ብሎ ያስባል። ሆላንዱም እንዲሁ። ለአንድ አገር ብቻ የሚሸጥ የዚያን አገር ይውሰድ። ለብዙዎቹ የሚሸጥ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የጋራ የሆነው ዶት ኢዩ አለለት። እሱ ግን በረኛ አለው፦ የሚያስመዘግበው ሰው ከኅብረቱ አገሮች በአንዱ የሚኖር ወይም ዜጋ መሆን አለበት። ይህን ደንብ ከማንም ቀድሜ አንብቤዋለሁ፤ በቃሌ ነበር የማውቀው። ያስቸገረኝም ማወቄ ነው።

ሂቦ የመጣችው ጋሽ ዋርሰሜ ሥራውን ለእኔ ትተው ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ያለው ቤታቸው ማረፍ ከጀመሩ በኋላ ነው። ሂቦ ሼክ ኑር ሰፈር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አሥር ሴቶች ሰብስባ ቀሲል ታዘጋጅ ነበር። ቀሲል የቁርቁራ ቅጠል በጥላ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በስስ ጨርቅ ተነፍቶ የሚወጣ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ የሶማሌ ሴት ፊቷንም ጸጉሯንም ትታጠብበታለች። አውሮፓ ያሉት ሴቶች በዘመድ ሻንጣ ያስመጡት ነበር። ከነሱ አይተው ፈረንጆቹም ለመዱት። አንዲት ጀርመናዊት፣ ሳሙና የምትሸጥ ባለ ሱቅ፣ ናሙና ጠይቃ ነበር።

«እኔ የምፈልገው» አለችኝ ሂቦ «ያቺ ሴት ስሜን ስታየው እንዳትፈራ ነው።»

ስሟ «ሂቦ ቀሲል» በጋሽ ዋርሰሜ የስልክ ፈተና በመጀመሪያው አለፈ። ቅጥያው ላይ ዶት ኢዩ ይሁን አልኩ። ለሐርጌሳ ነጋዴ ያን መሥራት የሁልጊዜ ምኞቴ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ ከሂቦ ይልቅ እኔ ነኝ የጓጓሁት። ዶት ኮሙም ያን ጊዜ ነጻ ነበር። «እሱንም እንያዘው ወይ?» ብትለኝ፣ «ለአንድ ቤት ሁለት በር ምን ይሠራል?» አልኳት።

«አውሮፓ ሰው አለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሐርጌሳ ውስጥ አውሮፓ ሰው የሌለው ማን አለ?» አለችና ሳቀች። ወዲያው ፊቷ ተቀየረ። እህቷ ሰህራ ሮተርዳም ትኖራለች። ግን አይነጋገሩም። እናታቸው የሞቱ ቀን ሂቦ እንደ ሥርዓቱ ቶሎ አስቀበረች፤ ለሰህራ የደወለችው ከቀብር ከተመለሱ በኋላ ነው። ሰህራ «አፈር እስኪለብሱ ጠብቀሽ ነገርሽኝ» አለቻት። ሂቦ ደግሞ «አንድ ዓመት ሙሉ ሳስታምማቸው የት ነበርሽ?» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። «እሷን ተያት። የአጎታችን ልጅ አብዲረሺድ ለንደን አለ፤ እሱ ይሁን» አለችኝ።

እኛ ዘንድ አውሮፓ ማለት ካርታ አይደለም። ዘመድ የሄደበት፣ ሲደወል ከኋላ ልጆች በሌላ ቋንቋ ሲጯጯሁ የሚሰማበት ቦታ ነው። ለንደንም ያው፣ ሮተርዳምም ያው። ያን ጊዜ ደንቡም እንደ እኛው ነበር የሚያስበው፤ ለንደንም አውሮፓ ነበረች። ስሙን በአብዲረሺድ ስምና አድራሻ አስመዘገብኩት።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ዋርሰሜን ልጠይቅ ሄጄ በኩራት ነገርኳቸው።

«ስሙ በማን እጅ ነው?» አሉ።

«በአጎቷ ልጅ። ዘመድ ነው።»

«ዝምድናውን አልጠየቅኩሽም። ደብዳቤ ሲመጣ የሚከፍተው ማነው?»

«እሱ ነዋ።»

እርሳሱን ከጆሯቸው አወረዱና መልሰው ሰኩት። አየሁ። አይቼም ሻይዬን ጠጥቼ ተነሣሁ።

ጥቂት ዓመት መልካም ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። ጀርመናዊቷ በየሁለት ወሩ ታዝዛለች፣ ከቤልጂየምም ከኦስትሪያም ሰዎች ይጽፋሉ። ሂቦ ቀሲሉን በጣሳ ማሸግ ጀመረች፤ በእያንዳንዱ ጣሳ ላይ ያ ስም ከነቅጥያው ታትሟል። ሴቶቹ አሥራ አራት ደረሱ። ሂቦ አንዱን ጣሳ አምጥታ ቢሮዬ መስኮት ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሳላሳየው አልለቀውም ነበር።

እንግሊዝ ከኅብረቱ ልትወጣ ነው የሚለውን ወሬ ዓመታት ሙሉ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ከጎረቤቴ ጋር ስለ ፓስፖርት ጣጣው እንኳ ተከራክሬበታለሁ። ከዚያች መስኮት ላይ ካለችው ጣሳ ጋር ግን አንድም ቀን አላገናኘሁትም። ሥራዬ ይህንኑ ማገናኘት ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ሂቦ መጥታ ኢሜይል ከቆመ ሁለት ሳምንት ሆነው አለችኝ። ድረ ገጹን ብከፍት ባዶ ነው። ለንደን ደወልኩ። ማስጠንቀቂያዎቹ በሙሉ ለአብዲረሺድ ተልከው ነበር፤ እሱም እያየ አጥፍቷቸዋል። «ኤዶ፣ ወላሂ ሌባ መስሎኝ ነው፤ ስምህ ሊታገድ ነው የሚል መልእክት በየቀኑ ይመጣልኛል» አለኝ። ልቆጣው አልቻልኩም። እንዲህ ያለውን መልእክት አትክፈቱ፣ አጥፉት እያልኩ ሰው የማስተምረው እኔው ነኝ።

ለሂቦ ነገርኳት። እንግሊዝ ስለወጣች እዚያ በሚኖር ሰው ስም የተያዘ ሁሉ ታገደ፣ ይህንም አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ።

«ስሙ ሞቷል ወይስ ታሟል?» አለችኝ።

«ታሟል። ጥቂት ወር አለው። ኅብረቱ ውስጥ የሚኖር ሰው በራሱ ስም ከወሰደው ይድናል። አለዚያ ይሰረዛል፤ ከዚያ ማንም ይገዛዋል።»

«ያኛውስ? ዶት ኮሙ?»

አየሁት። ስም እየሰበሰበ የሚቸረችር አንድ የማናውቀው ሰው ወስዶታል። ይህንንም ነገርኳት። «ሁለት በር ምን ይሠራል?» ማለቴን እሷ አላነሣችብኝም። ብታነሣው ይቀለኝ ነበር።

«ኅብረቱ ውስጥ የሚኖር ሰው» አለች ቀስ ብላ። ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። «እሷን አልለምንም፤ ስሙ ይሙት።» ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።

ጀርመናዊቷ ሁለት ጊዜ ጽፋ ኢሜይሏ ተመልሶባታል። አድራሻዋን ፈልገን ከሌላ ኢሜይል ስንጽፍላት፣ በትሕትና፣ ከሌላ አገር ሌላ አቅራቢ መያዟን ነገረችን። ሥራው ሲቀንስ ከአሥራ አራቱ ሴቶች አምስቱ ወጡ። አንዷን፣ ከድጃን፣ ገበያ ላይ ሻይ ስትሸጥ አገኛታለሁ። በስሜ ጠርታ፣ ጤናዬን ጠይቃ፣ ሻይ ቀድታ ትሰጠኛለች። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ጋሽ ዋርሰሜ ጋ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልነገርኩሽም ነበር ወይ አላሉኝም። የድሮውን ደብተር አምጥተው ከኋላ በኩል ገለጡልኝ። እዚያ ገጽ ላይ በዚያው እርሳስ የራሳቸውን ስሕተቶች ጽፈዋል፤ የማን ስም እንደጠፋ፣ ለምን እንደጠፋ፣ በአንድ በአንድ መሥመር። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ያን ገጽ አላየሁትም ነበር። እርሳሱን ሰጡኝ። የሂቦን ስም ጻፍኩ። ቀጥሎም «ለምን» የሚለውን ጻፍኩ፤ እሱ ነው የከበደኝ።

ከዚያ ሐሳቤን ነገርኳቸው። ሰህራን እኔ ራሴ ደውዬ ልለምናት።

«ተይ» አሉኝ። «የስሙ መዝገብ የአንቺ ነው። የእህትማማቾቹ ነገር የአንቺ መዝገብ አይደለም። ፎርሙን አዘጋጅተሽ ተቀመጪ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። በየሳምንቱ ለሂቦ የቀረውን ጊዜ እነግራታለሁ፤ ሌላ ቃል አልጨምርም። ባይሆን ብዬ በዶት ኮም አንድ ሌላ ስም ያዝኩላት፣ ክፍያውን ከራሴ። ስሙ አልጣማትም። እኔም አልጣመኝም፤ ጣሳው ላይ ሌላ ሰው ይመስላል።

ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ሂቦ ገባች። ሰላምታ ሰጥታኝ ተቀመጠችና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ፎርሙ የሚጠይቀውን ብቻ ንገሪኝ። ከዚያ ውጭ አንድ ቃል አልናገራትም።»

ገጹን ከፈትኩ። እሷም ደወለች፤ እኔ እየሰማሁ እንድጽፍ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ።

«ሂቦ ነኝ።»

በጣም በዝግታ፣ «ማን ሞተ?» አለች ሰህራ።

«ማንም አልሞተም። አድራሻሽን ፈልጌ ነው።»

«አድራሻዬን? ለምን?»

ሂቦ እኔን አየችኝ፤ እኔ ስክሪኑን አየሁ። ከዚያ በራሷ አነጋገር አስረዳቻት፦ የቀሲሉ ስም እዚያ በሚኖር ሰው ካልተያዘ ይጠፋል፣ ሴቶቹ በዚህ ስም ነው የሚያድሩት፣ ኢሜይል ይመጣልሽና «አዎ» ትያለሽ፣ ሌላ ምንም አይጠበቅብሽም። አንድም ጊዜ «እባክሽ» አላለችም። ሰህራ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ጻፊ» አለች።

ሙሉ ስሟን ነገረችን። የመንገዱን ስም ፊደል በፊደል አስጻፈችን፤ ረጅም ነበር፣ ሂቦ እየተቀበለች ትደግምልኛለች። የቤት ቁጥር። የፖስታ ቁጥር። ከተማ።

«ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለች ሂቦ።

ፎርሙን አየሁ። ፎቅ የሚል ቦታ የለውም።

«አራተኛ።»

«አሳንሰር አለው?»

«ከተበላሸ ከረመ።»

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴ እንዳለ ነው» አለች ሰህራ። «በየፎቁ እያረፍኩ ነው የምወጣው።»

«ዕቃሽን ማን ያወጣልሻል?»

«ማን አለ?»

ሂቦ ስልኩን ከጠረጴዛው አነሣች። ድምፁን ቀነሰችና ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ሂቦ ሻርፗን ወደ ዓይኗ ስትወስድ ብቻ አየሁ።

ያን ቀን ፎርሙን ሁለት ጊዜ ነው የሞላሁት፤ ያለፈው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የመጨረሻውን ቁልፍ ሳልነካ ብዙ ስለቆየሁ «ጊዜዎ አልፏል» ብሎ ተዘጋ፤ የጻፍኩትም ሁሉ ጠፋ። ሌላ ቀን ቢሆን እቆጣ ነበር። አዲስ ገጽ ከፈትኩ፣ የሰህራን ስም ጻፍኩ፣ አድራሻው ጋ ስደርስ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ሂቦ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች ስልኩን በእጇ ሸፈን አደረገችና «አለቀ ወይ?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት። «አትቸኩይ።»